አንፎርቹኔትሊ

ይህ ጽሑፍ ባለፈው ጥር፣ አንድ ሐሙስ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ አራት ኪሎ በሚገኝ አዳራሽ የማስተርስና የፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ለሚፈልጉ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው ድግግሞሼን ቀንሻለሁ። መጨረሻ ላይ የተጠየቅሁትንም ጨምሬበታለሁ።

የምሳ ሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ መጀመሪያ የሰጡኝ ርዕስ «የስኬቴ ምስጢር» የሚል ነበር። ደውዬ አስቀየርኩት። ምስጢር የለኝማ! ያለኝ ይቺ ባለ 50 ሉክ ደብተር ናት። ሽፋኗ ላይ ቡና ፈስሶባታል። ውስጧ ያመለከትኩባቸው ቀኖች፣ የመጡልኝ መልሶችና ያን ዕለት የተሰማኝ ተጽፏል። አንዳንዱን ገጽ አላነብላችሁም፤ ስድብ አለበት።

ስምንት ጊዜ አመልክቼ አንድ ጊዜ ነው የተቀበሉኝ። ዛሬ ዶክተር ተብዬ ፊታችሁ ስቆም የምትታያችሁ ስምንተኛዋ ብቻ ናት። የመጣሁት ሰባቱን ልነግራችሁ ነው።

«አንፎርቹኔትሊ» የምትለዋ፣ «ያሳዝናል፣ አልተቀበልንዎትም» ልትል የምትመጣ የእንግሊዝኛ ቃል የደረሰቻችሁ እስቲ እጅ አውጡ። አትፈሩ። አሁን ዞር ዞር በሉና አዳራሹን እዩ። አብራችሁት የምትማሩት፣ ላይብረሪ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ልጅ እጁን አውጥቷል፤ እስከዛሬ አልነገራችሁም። እናንተም አልነገራችሁትም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እኔ የሦስተኛውን ማመልከቻዬን «አንፎርቹኔትሊ» ያነበብኳት ታክሲ ውስጥ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወርድ ሰማያዊ ሚኒባስ፣ ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ሦስተኛ ሆኜ። ስልኬ ላይ የኢሜይሉ የመጀመሪያ መስመር ብቻ ብቅ አለ፤ «ላሳዩት ፍላጎት እያመሰገንን» ይላል። ልምድ ያለው ሰው እዚያ ላይ ያውቀዋል፤ ምስጋና የሚያስቀድም ኢሜይል መጨረሻው አያምርም። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲለኝ ስልኩን ሰጠሁት። «እህት፣ በዚህማ ሀዋሳ ድረስ አደርስሻለሁ» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አፍንጮ በር ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ ወርጄ ነው ያለቀስኩት።

ቤት ስገባ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ነገርኳት። ከጀበናው ቀና ሳትል «ምን አጥፍተሽ ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም እማዬ፣ አልነገሩኝም።»

«ጥፋትሽን ካልነገሩሽ ታዲያ ምኑን ታርሚዋለሽ?»

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። ግማሹ ስህተት ነው፤ አይሆንም የተባለ ሰው ሁሉ አጥፍቷል ብሎ ይነሳል። ግማሹ ግን ከእናቴ በፊት ማንም ያልነገረኝ እውነት ነው፤ የት ላይ እንደወደቅሽ ካላወቅሽ የምታርሚው የለሽም።

ከጥፋቶቼ ልጀምር። «ችግሩ እናንተ ጋ አይደለም» እያሉ የሚያነቃቁ ሰዎች ስለበዙ እንጂ፣ የእኔ የመጀመሪያዎቹ አራት ውድቀቶች ችግራቸው እኔው ጋ ነበር።

አንደኛው። ለኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ አመለከትኩ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ጻፍኩ። ስኮላርሺፑ የኮመንዌልዝ፣ ማለትም በአብዛኛው ድሮ እንግሊዝ ትገዛቸው የነበሩ ሀገራት ማኅበር፣ አባል ሀገራት ዜጎች የሚወዳደሩበት ነው። ኬንያ አባል ናት። ሩዋንዳ በእንግሊዝ ሳትገዛ በ2009 እ.ኤ.አ. ገብታለች። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ማን ማመልከት እንደሚችል ከላይ ተጽፏል፤ እኔ ማንበብ የጀመርኩት ገንዘቡ ከተጻፈበት ነበር።

ሁለተኛው። ዴድላይኑ «12፡00» ይላል፣ በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት። እኔ 12 ሰዓት ስባል የማውቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የእነሱ 12 ቀትር ነው። በክረምታቸው ሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ ስለዚህ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ ዶሮ ማነቂያ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ «ገና አንድ ሰዓት አለኝ» ብዬ ማኪያቶ እየጠጣሁ ሰብሚት ልል ስል ቁልፉ የለም። ኮኔክሽኑ ነው ብዬ ልጁን ኮምፒውተር አስቀየርኩት። ሦስት ኮምፒውተር ቀየርን። ያ ኢንተርኔት ቤት አሁን የለም፣ ሰፈሩም በ2016 ፈርሷል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን አሁንም ሰዓቴን አያለሁ።

ሦስተኛው ታክሲ ውስጥ ያነበብኩት ነው። የፕሮፖዛሌ ርዕስ «የአዲስ አበባ የውሃ ብክለትና በኅብረተሰቡ ጤና ላይ ያለው ተጽዕኖ» ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከተማው ሁሉ፣ ውሃው ሁሉ፣ ሕዝቡ ሁሉ፣ በሦስት ዓመት፣ በአንዲት ሴት! ሞቲቬሽን ሌተሬ ደግሞ ሲጀምር፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሀገሬን የማገልገል ጽኑ ፍላጎት ነበረኝ።» ለምን ትስቃላችሁ? ጽፋችሁታል ማለት ነው። ውሸት እኮ አይደለም። ነገር ግን ገምጋሚው በዚያ ሳምንት ስንት «ከልጅነቴ ጀምሮ» እንዳነበበ ቁጠሩለት።

ከሁለት ዓመት በኋላ የጻፍኩት መግቢያ ይኸውና፣ ከዚሁ ደብተር፦ «በትንሹ አቃቂ ዳር ጎመን የሚያለሙ ሴቶች ቆዳ ፋብሪካው ውሃ የለቀቀበትን ቀን በወንዙ ቀለም ያውቃሉ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከዚያ ውሃ ውስጥ ካለው ክሮሚየም ምን ያህሉ በአፈሩ በኩል ወደ ጎመኑ ቅጠል እንደሚያልፍ ነው።» ሀገሬን እወዳለሁ የሚል ቃል የለበትም። አንድ ወንዝ፣ አንድ ብረት፣ አንድ ቅጠል ነው ያለው። ይህ ሰው ሥራውን ነገ ጠዋት መጀመር ይችላል ያሰኛል።

አራተኛው ያሳፍራል። ያንኑ የድሮውን ደብዳቤ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ላክሁት። የዩኒቨርሲቲውን ስም አራት ቦታ ላይ ቀየርኩ። የነበረው አምስት ቦታ ነው።

በአራተኛው ሳለሁ ሪኮመንዴሽን ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ሀገር ሰው ሳያውቀው የሚወድቀው እዚያ ነውና። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። መምህራችሁን ቢሮ በር ላይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ያስተምራሉ፣ ያማክራሉ፣ ስብሰባ አለባቸው። «አንቺው ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርምልሻለሁ» ይሏችኋል። ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ። እኔም ሦስት ደብዳቤ በሦስት መምህራን ስም ጻፍኩ፤ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ኮምፒውተር። ሦስቱም ላይ «ታታሪ፣ ቅን፣ ተግባቢ» ነኝ። ሦስቱም ላይ አንዲቱ ቃል በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፋለች። ራሴን ሦስት ጊዜ ማመስገኔ ነው እንጂ፣ ገምጋሚው የአንድ ሰው ድምፅ ነው የሰማው።

ኋላ ላይ ደብዳቤ መጻፌን ትቼ ማስታወሻ መጻፍ ጀመርኩ፤ አንድ ገጽ። «ዶክተር፣ የውሃ ኬሚስትሪ ኮርስዎን ወስጄ ኤ አግኝቻለሁ። መሣሪያው ተበላሽቶ ሳለ ናሙናዎቹን ቅዳሜ መጥቼ ደግሜ ለክቻለሁ። የማመለክተው ለዚህ ነው፣ የመጨረሻው ቀን ይህ ነው፣ ፖርታሉ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይልዎን ይጠይቃል» የሚል። መምህሬ ያቺን ቅዳሜ ረስተዋታል። ማስታወሻውን ሲያነቡ ሳቁና «አዎ፣ ጥበቃው አላስገባም ብሎሽ እኔ ጋ ደውለሽ!» አሉኝ። ያ ጥበቃ ደብዳቤው ውስጥ ገባ። አርፈው ቁጭ ብለው በሃያ ደቂቃ ጻፉት። «ታታሪ» የሚል ቃል አልነበረበትም፤ ቅዳሜ ዕለት ከጥበቃ ጋር የተጨቃጨቀች ልጅ ነበረችበት። ለሥራ የበዛበት ሰው ባዶ ወረቀት አትስጡት፣ ትዝታ ስጡት።

አምስተኛው ላይ ለኢንተርቪው ተጠራሁ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። አንዷ «የምትለኪው ጠቅላላ ክሮሚየሙን ነው ወይስ ባለ ስድስቱን ለይተሽ?» አለችኝ። ለማታውቁት፦ ክሮሚየም በአፈርና በውሃ ውስጥ በብዛት በሁለት መልክ ይገኛል። ባለ ሦስቱ አፈር ላይ ይጣበቃል፣ ብዙም አይሄድም። ባለ ስድስቱ ከውሃ ጋር ይጓዛል፣ መርዝነቱም የከፋ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ለማልፋት የሚጠቀመው ባለ ሦስቱን ነው፤ ጥያቄው ከወጣ በኋላ ምን ይሆናል ነው። ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ፕሮፖዛሌ ውስጥ ግን አላሰብኩበትም። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩና ዝም አልኩ። ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ።

መልሱ ሲመጣ አላለቀስኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቴ መልስ ያለኝ ውድቀት ነበር። በማግስቱ እዚሁ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ላይብረሪ ገብቼ ስለ ባለ ስድስቱ ማንበብ ጀመርኩ።

ስድስተኛው ላይ ተጠባባቂ ሆንኩ፣ ዌይቲንግ ሊስት። እነ ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ፣ ከዋናው ዝርዝር ሌላ ተጠባባቂ ይይዛሉ፤ ከተመረጡት አንዱ ሲተው ቀጣዩ ይገባል። አምስት ወር ጠበቅሁ። የማላውቀው አንድ ሰው የተሻለ ነገር አግኝቶ እንዲተውልኝ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም። የሚተው አልተገኘም። ተጠባባቂነት ከመውደቅ ይብሳል፤ አልቅሰሽ እንዳይወጣልሽ ገና አልወደቅሽም።

ሰባተኛው ላይ ሁሉን አስተካክያለሁ። ሰዓቱ፣ ዜግነቱ፣ ደብዳቤው፣ ባለ ስድስቱ። «አንፎርቹኔትሊ» አሉኝ። ምክንያት የለም።

ስምንተኛው ላይ ያንኑ ነው የላክሁት። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፤ የተቋሙ ስም፣ የፕሮፌሰሩ ስምና አንድ አንቀጽ ነው የተለየው። (ስሙን በአምስቱም ቦታ ቀይሬዋለሁ።) ተቀበሉኝ። ያችው ልጅ፣ ያው ጎመን፣ ያው ክሮሚየም፤ አንዱ ቤት አትሆንም ተባለች፣ ሌላው ቤት ሙሉ ወጪዋ ይሸፈን ተባለ።

ይህ የእኔ ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ለብሔራዊ የጤና ተቋማቸው ቀርበው፣ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ዙር፣ ሌሎቹ ተሻሽለው ገንዘብ ያገኙ 25 የምርምር ማመልከቻዎችን ወስደው 43 ገምጋሚዎች እንደገና እንዲያዩአቸው አደረጉ። ሁለት ገምጋሚዎች ለአንድ ማመልከቻ የሰጡት ነጥብ፣ ለሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ከተሰጠ ነጥብ የበለጠ አልተቀራረበም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ደግሞ አሁን ኒውሪፕስ በሚባለው ትልቁ ጉባኤያቸው በ2014 እ.ኤ.አ. 166 ጽሑፎችን ለሁለት ኮሚቴ ለየብቻ ሰጡ። በሩብ ያህሉ ላይ አንዱ ይለፍ ሲል ሌላው ይውደቅ አለ። ኋላ ሲያጤኑት ኮሚቴዎቹ ደካማውን ጽሑፍ ለይተው መጣሉን ያውቁበታል፤ ከጥሩዎቹ መካከል መምረጥ ላይ ነው የሚለያዩት። የእኔ ደብተር የሚለውም ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ለየትኛውም ኮሚቴ ብትሰጡት ይጥላቸዋል። ሰባተኛውና ስምንተኛው ግን ያው ናቸው።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን በወረቀት ያምናል። ለድኅረ ዶክትሬት በሚሰጠው የማሪ ኩሪ ውድድር ከ100 ነጥብ 85 እና ከዚያ በላይ አግኝቶ ገንዘብ ስላልበቃ ለቀረ ሰው የብቃት ማኅተም የሚባል ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ጎበዝ ነህ፣ ብር አልቆብን ነው እንደማለት። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ «ወረቀቱ ይበላል?»

አሁን ወደዚያ እጅ ማውጣት ልመለስ።

እኛ ዘንድ ስኮላርሺፕ የሚወራው ቪዛ ከተመታ በኋላ ነው። ዓይን አለ፣ ወሬ ያከሽፋል፣ ደግሞ ካልተሳካ የሰው አፍ አለ። አልቀልድበትም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። እናቴ ግን ለማኅበር ሴቶች ነግራቸው ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ባየችኝ ቁጥር «የኔ ልጅ፣ በረራው መቼ ሆነ?» ትለኛለች። ክፋት የላትም። እኔ ግን በደጇ ላለማለፍ ሁለት ዓመት በራስ መኮንን ድልድይ ዞሬ ነው ቤቴ የገባሁት።

የዚህ ዝምታ ጣጣ ምን መሰላችሁ? ቦሌ የሚሸኘውን ሰው ሁላችንም እናየዋለን። ከመሸኘቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደወደቀ ማንም አያይለትም። ስለዚህ ሌላው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ አመልክቶ የሄደ፣ እኛ ብቻ የተጣልን ይመስለናል። ከዚያም እንተወዋለን።

መተዉ ዋጋው ስንት እንደሆነ ሆላንዶች ለክተውታል። በዚያው በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ለምርምር ገንዘብ ተወዳድረው ነጥባቸው እኩል ሊባል የሚችል፣ ግን አንዱ ከመቁረጫው ትንሽ በላይ፣ ሌላው ትንሽ በታች የሆኑ ወጣት ተመራማሪዎችን አነጻጸሩ። በቀጣዮቹ ስምንት ዓመታት ከመቁረጫው በላይ የነበሩት ከታች ከነበሩት ከእጥፍ በላይ የምርምር ገንዘብ ሰብስበዋል። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን በ1968 እ.ኤ.አ. «የማቴዎስ ውጤት» ብሎ የሰየመው ነው፤ ላለው ይጨመርለታል የሚለውን የወንጌል ቃል ይዞ። ግን አንዱን ምክንያት ስሙልኝ፤ የወደቁት ከዚያ በኋላ ማመልከት ቀንሰዋል። ማለትም ከፊሉን በር የዘጋው ኮሚቴው አይደለም። እነሱ ራሳቸው ናቸው ዘግተው የሄዱት።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከ1990 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ለዚያው ለብሔራዊ የጤና ተቋማቸው ገንዘብ አመልክተው ለጥቂት የወደቁና ለጥቂት ያለፉ ወጣት ተመራማሪዎችን ተከታተለ። ለጥቂት የወደቁት ከዚያ የገንዘብ ሥርዓት ጨርሰው የመጥፋት ዕድላቸው ከ10 በመቶ በላይ ጨመረ። የቀሩት ግን ውለው አድረው ለጥቂት ካለፉት የተሻለ የሚጠቀስ ሥራ ሠሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙልኝ። ሁለተኛውን ብቻ ይዞ የሚነግራችሁ ሰው መድረክ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ የጠፉት መድረክ አይሰጣቸውም።

እኛ ምን አደረግን መሰላችሁ? አምስት ሆነን፣ ስድስት ኪሎ ግቢ ጀርባ አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ በየሁለት ሳምንቱ እንገናኝ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ የወደቀ ማመልከቻ ይዞ መምጣት። ገና ሊላክ ያለ ክልክል ነው። ይህን ሕግ ያወጣነው ለዓይን ስንል ነው፤ ከሞተ ነገር ላይ ዓይን አያርፍምና። ሰው የሚልከውን ይደብቃል፣ የወደቀውን ግን አንድ ሁለት ቡና ከጠጣ በኋላ ያወጣዋል። አንድ ጓደኛችን የእኔን አራተኛ ደብዳቤ እያነበበ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ «እንዴ፣ ይሄኛው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማን ነው?» ያለኝ እዚያ ነው። እሱ ባያነበው ኖሮ እስከዛሬ «ድሃ ሀገር ስለሆንን ነው የጣሉኝ» እያልኩ እኖር ነበር።

ፈረንጆቹም ይደብቃሉ፣ አትሳሳቱ። ሜላኒ ስቴፋን የምትባል ተመራማሪ በ2010 እ.ኤ.አ. የውድቀት ሲቪ ጻፉ ብላ ሐሳብ አመጣች። ዮሐንስ ሃውስሆፈር የሚባል፣ ያኔ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበረ ኢኮኖሚስት በ2016 እ.ኤ.አ. የራሱን ይፋ አደረገ፤ ያልገባባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ያላገኛቸው ስኮላርሺፖች፣ የተመለሱበት ጽሑፎች። ዓለም ተቀባበለው። የመጨረሻው ውድቀቱ ብሎ የጨመረው፣ ይህ ሲቪ ከምርምሩ ሁሉ በላይ መነበቡን ነው።

ስለ ብርም ልናገር፤ «ደግመሽ ሞክሪ» የሚል ሰው ዋጋውን ስለማያስበው። የአይኤልትስና የቶፍል፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎቹ፣ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ የምትሞክሪ ከሆነ እንደገና ከፍለሽ፣ እንደገና ተፈትነሽ ነው። ዋጋው የውጭ ምንዛሪን ይከተላል፣ ብሩ ደግሞ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ለእናንተ ከእኔ ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ ሳትከፍሉ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ መማራችሁን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ የሚበቃቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ የማመልከቻ ክፍያውን ለሚጠይቃቸው ያነሳሉ፤ ሳይጠየቁ አያነሱም። ሌላው፣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በሆላንድ የፒኤችዲ ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ቦታው እንደ ማንኛውም ሥራ ማስታወቂያ ይወጣበታል፣ ዓመቱን ሙሉ። እኔ «ስኮላርሺፕ» የሚል ቃል እየፈለግሁ ስንቱ ክፍት የሥራ ቦታ በአጠገቤ አለፈ! ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ተመዝግቦ፣ ጥቂት ወር ውጭ ላብራቶሪ ሠርቶ በሚመለስበት በሳንድዊች ፕሮግራም የወጡ፣ እኔ የማከብራቸው ተመራማሪዎች አሉ። እዚህ መማር የወደቀ ሰው መጽናኛ ተደርጎ ሲወራ ያናድደኛል።

ንግግሬ እዚህ ላይ አበቃ። ጥያቄ ተከፈተ።

ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ ስንት ጊዜ ሞክሮ ማቆም እንደሚገባ ጠየቀችኝ። ቁጥር የለኝም አልኳት። ከአምስታችን አንዷ ከሁለተኛው በኋላ አቁማ ሥራ ገባች። ዛሬ የከተማውን ውሃ ጥራት ከሚመረምሩት አንዷ ናት፤ እኔ የጻፍኩትን እሷ በየሳምንቱ ትለካዋለች። ተሸነፈች የሚላት ካለ እኔን ያነጋግረኝ። እኔ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነበር፤ ባለፈው ከወደቅሁበት ቦታ ነው ዛሬም የወደቅሁት ወይስ ከፍ ካለ? ከዜግነት ወደ ሰዓት፣ ከሰዓት ወደ ፕሮፖዛል፣ ከዚያ ወደ ኢንተርቪው፣ ከዚያ ወደ ተጠባባቂ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ብወድቅ ኖሮ አቆም ነበር መሰለኝ፤ ወይም ቢያንስ ለሌላ ሰው አስነብብ ነበር።

ሌላው፣ ለእናቱ እንዴት እንደሚነግር ጠየቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም። የእኔ እናት ከአምስተኛው በኋላ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ማለቷን ትታ «የት ላይ ደረስሽ?» ማለት እንደጀመረች ነገርኩት። ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም። ስለ ክሮሚየም ስነግራት ጎመን መግዛት አቁማ ነበርና፣ ነገሩ ቤታችን ገብቷል። ስለ ኮሚቴው ሳይሆን ስለ ሥራህ ንገራት አልኩት።

8 ሰዓት ከ20 ሆኖ አዘጋጇ ልትዘጋ ስትል ከኋላ አንድ ልጅ ተነሳ። ዛሬ ዴድላይን እንዳለበት፣ ሁሉ ነገር አልቆ የምርምር ዕቅዱን የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ ማስተካከል እንደቀረው፣ ማታ ከመላኩ በፊት ባየው ደስ እንደሚለው ተናገረ።

«በስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

«12 ሰዓት ይላል።»

«የማን 12 ሰዓት?»

ስልኩን አወጣ። «የለንደን» አለ ቀስ ብሎ።

ጥር ላይ ለንደንን በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው፤ አርባ ደቂቃ። እኔ ቆጥሬ ሳልጨርስ በሩን ከፍቶ ወጥቷል። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀረ፤ አጠገቡ የነበረችው ልጅ አንስታ እየሮጠች ተከተለችው።